ይቅርብኝ

"ጠጋ ጠጋ ካላችሁ አንድ ሰው ትጨምራለች" አለ ባለጀልባው። የጀልባዋ ወለል መስታወት ነበር፤ የደሴቲቱን ዓሣ ከላይ ሆኖ ለማየት ሴትየዋ ከባሏና ከልጇ ጋር ገብታ ተቀምጣለች። ከውጭ የቀረችው ምራቷ ብቻ ነበረች።

"ኧረ እናንተ እዩ፣ እኔ ይቅርብኝ" አለች ምራቷ ከዳር ቆማ።

"እኔ ቦርጬን ከሰበሰብኩማ ሁለት ሰው ይገባል!" አለ ባሏ። ልጇ ግን ወንድ አይደል፣ የሚስቱን ቃል እንዳለ ወስዶ መስታወቱ ላይ ተደፋ። ሴትየዋ ጠፍቷት አይደለም። ይቅርብኝ ማለት ለምኑኝ ማለት ነው፤ እሷም ዕድሜዋን ሙሉ በየሰው ቤት ስትለው ኖራለች። ግን ጠዋት ባርኔጣዋን ገልብጣ ደፍታ ብትወጣ፣ ምራቷ የሳቀችባት ሳቅ ገና ከሆዷ አልወጣም።

"እንዳልሽ፣ ልጄ" አለቻት ፈጠን ብላ። ሞተሩ ተነሳ።

"እማ፣ ኧረ እይው ቢጫውን!" አለ ልጇ። እሷ ግን ወደ ኋላ እንደዞረች ቀረች። ምራቷ እጇን እያውለበለበች ቆማለች፤ አንድ እግሯ ባዶ ነው። ለካ ይቅርብኝ ስትል ለመግባት ጫማዋን ማውለቅ ጀምራ ኖሯል። አሁን ያንን አንድ ጫማ ደረቷ ላይ ይዛ፣ ቅር እንዳላላት ሰው ፈገግ ትላለች።

"በሞቴ፣ ግቢ" አለች ሴትየዋ። ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው።

"ምን አልሽ?" አላት ባሏ።

"ያምራል አልኩ፤ ተመስገን" አለች፣ ዓሣውን ሳታየው።