ሁለት ሣጥን፣ አንድ አድራሻ

የጣሪያው መብራት ሲበራ የአጥሩ ይጠፋል፤ የአጥሩ ሲበራ የጣሪያው። ሌላንድ ጋራዡ ውስጥ፣ የገና መብራቶቹን በሚያዘው ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ የኔትወርኩን ገመድ ይነቅላል፣ መልሶ ይሰካል። የሚኒሶታ ታኅሣሥ አጥንት ይሰብራል፤ እሱ ግን እልህ ይዞታል።

ሚስቱ ማርሊስ ሳሎን መስኮቱ ሥር ተኝታለች። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምንሠራው የለም ብለው ወደ ቤቷ ልከዋታል፤ ነርሷም ጠዋት ስትወጣ «ዛሬን ካለፈች ነው» ብላዋለች። መናገር ሳይከብዳት በፊት «የገና መብራታችንን ዘንድሮስ አየው ይሆን?» ብላው ነበር። «ታዪዋለሽ» አላት። ይህቺን ቃል ይዞ ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነው።

ሴት ልጁ ጆዲ የጋራዡን በር ገፋ አደረገች።

«አባዬ፣ ግባ በቃ። እማዬ እየጠራችህ ነው።»

«መብራቱስ ታያት?»

«ግማሹ በርቷል እኮ። ይበቃል።»

«ግማሽ ብዬ መች ቃል ገባሁላት? ሂጂ አጠገቧ ሁኚ፣ መጣሁ።»

«እኔን መች ጠራችኝ?» ብላ በሩን ሳትዘጋ ሄደች።

ወትሮ ይህን ሥራ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሠራው። የአጥሩን መብራት የሚያዘው አሮጌ ሣጥን ውኃ ገብቶት ስለተቃጠለ አዲስ ተክቶበታል። እንደ አዲስ ከምለፋ ብሎም የጣሪያውን ሣጥን ቅንብር እንዳለ ገልብጦ ጫነበት። እንዳለ።

እጁ ቆመ። «አይ ሽማግሌው» አለ ለራሱ። ኮምፒውተሩ ሣጥኑን የሚለይበት አድራሻም አብሮ ተገልብጧል። ለሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር ሰጥቶ ፖስተኛውን ሲራገም ነው የዋለው። የጣሪያውን ገመድ ነቀለ፣ የአጥሩን ሣጥን አድራሻ የመጨረሻ ቁጥር ለወጠ፣ መልሶ ሰካ።

ጣሪያውም አጥሩም ባንዴ ቦግ አሉ። ደጁ ያለው በረዶ ቀላ፣ ከዚያም አረንጓዴ ሆነ። ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ ሳሎን ገባ።

ጆዲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ማርሊስ ለመስኮቱ ጀርባዋን ሰጥታ በሩን በሩን ታያለች።

«በራ እኮ የኔ ቆንጆ። ዞር በይና እዪው።»

ዐይኗን ከፊቱ አልነቀለችም። «የት ሄደህ ነው?» አለችው፣ በስንት ጣር። «ስጠራህ ዋልኩ።»

ወንበር ሳበና እጇን ያዘ።

«እጅህ ቀዘቀዘ» አለችና ዐይኗን ከደነች።

እውነቷን ነው። እንዳይበርዳት ብሎ እጁን ከእጇ አወጣና ብብቱ ሥር ከተተው። ሞቅ ሲልለት መልሶ ያዛት። ጣቶቿ ግን አልጨበጡትም። ስሟን ጠራት፣ ደግሞ ጠራት። ፊቷ ላይ ቀዩና አረንጓዴው ይፈራረቃል።

ጆዲ ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋችው።