የደርቤ ድምፅ የተዛወረ ዕለት

የትናየት ደባርቅ ከተማ ቤቷ ተቀምጣ፣ በየከተማው በተበተኑ ኮምፒውተሮች ላይ ያለውን የሰዎች የድምፅ ቅጂ ታስተዳድራለች። በኮምፒውተሯ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ ትጽፍና በሕይወት ያለውን ሰው ድምፅ በፈጣኑ ማከማቻ፣ የሟቹን በዘገምተኛው ታኖራለች። አያቷ ወይዘሮ ውባንቺ፣ እንደ እናት ያሳደጉትን፣ ዛሪማ የሚሠራውን የወንድሟን የደርቤን ድምፅ ሳይሰሙ ቁርስ አይቀምሱም።

ዛሬ ጠዋት ግን የደርቤ ድምፅ አልከፈት አለ። አያት መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አነበቡ፦ «ዘገምተኛ»።

«አንቺ ነሽ ያዛወርሽው?»

«ማሽኑ ተሳስቶ ይሆናል፣ እማማ።»

«ያለ ትእዛዜ ንቅንቅ አይልም ስትይኝ አልነበር? ልጄ ምን ሆነብኝ? አገር ሰምቶ እኔን ነው የምትደብቁኝ?»

ወይዘሮ ውባንቺ ስልኩን አንስተው ደወሉ።

«አቤት እማማ! ምነው በጠዋቱ?» አለ ደርቤ እየሳቀ።

«ተመስገን! ይህች ቀጣፊ እኮ ነፍሴን ልታወጣው ነበር!» ብለው ዞር ቢሉ፣ የትናየት ፊቷ አመድ መስሎ ስልኩን ታያለች።

«እማማ፣ ትናንት ዳባት ገበያ ነኝ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው» አለች። «ዛሪማ ነበርኩ። ቀብረነው ነው የመጣነው።»

«እኔ እናቱ ሳልቆም?»

በሩ ተንኳኳ። በመስኮቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ጎረቤቶች ታዩ፤ መርዶውን ሊያረዱ መጥተዋል።

«እማማ» አለ ደርቤ በስልኩ፣ አሁን ሳይስቅ፣ «አይክፈቱላቸው።»