ልምድ ካለዎ ይግለጹ

ተቆጣጣሪዋ ወደ መጋዘኑ ከመግባቷ በፊት በሩ ላይ የተቸነከረችውን የመዳብ ሳህን በመዳፏ ትነካለች። ኦረስት ይህን ሲያይ ደስ ይለዋል። ባሩድ ያለበት ቤት የሚገባ ሰው ልብሱ ላይ የያዘውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ እዚያች ሳህን ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳይነገረው የነካት እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።

«ሥራውን ታውቂዋለሽ» ይላታል።

«ትንሽ ትንሽ።» ወይዘሪት ቲቦ ትባላለች። ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ተልካ ከሬጂና ከተማ ሦስት ሰዓት ነድታ ነው የመጣችው። ስልኳን መኪናው ውስጥ ትታለች።

ልጁ ላሪሳ በሩ ላይ ቆማለች። ማመልከቻውን የሞላችው እሷ ናት። ባለፈው መኸር ባሏ ዳርሲ የተጋገረ ስንዴ ሊያላቅቅ ጎተራ ውስጥ ገብቶ እህሉ ውጦ ገደለው። ከዚያ ወዲህ «አባዬ፣ ወይ ፈቃድ አውጣ፣ ወይ ተው። ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይበቃል» ስትል ከረመች።

ኦረስት ርችት የመተኮስ ካርድ አለው፤ የመሥራት ፈቃድ የለውም። መንደሩ ግን በየዓመቱ በካናዳ ቀን የሚጠብቀው በእሱ እጅ የተሠራውን ነው። ከሁሉም መጨረሻ ትልቁ ይተኮሳል። ኦረስት የመጨረሻውን ወረቀት ከመለጠፉ በፊት በዚያ ዓመት የሞተ የመንደሩን ሰው ስም ይጽፍበታል። ትልቁ ሲወጣ ወንዶቹ ቆባቸውን ያወልቃሉ። የዘንድሮው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ሐብሐብ ያህላል። የማን ስም እንዳለበት የሚጠይቅ የለም።

ወይዘሪት ቲቦ ከቦርሳዋ ወፍራም የፎቶኮፒ ጥራዝ ታወጣለች።

«ከማመልከቻው ጋር የመጣ የእርስዎ ማስታወሻ ነው። ላንብበው? "ስድስት ትንንሽ፣ ሁሉም ፈነዱ። ቀዩ ደበዘዘ። ትልቁ በአምስት።" በአምስት ምን ማለት ነው?»

«ከተተኮሰ እስኪፈነዳ የቆጠርኩት ነዋ። ሁልጊዜ እቆጥራለሁ። ቀዩን በሚቀጥለው ዓመት አስተካክዬዋለሁ፣ ገለጥ አድርጊው።»

«አቶ ኦረስት፣ መቶ ዐሥራ ስድስት ገጽ ነው።»

«አንድም አልዘለልኩም» ትላለች ላሪሳ ከበሩ። ግማሽ ቀን ፖስታ ቤት ቆማ ነው ያባዛችው። ድምፅዋ ውስጥ ኩራት አለ።

ተቆጣጣሪዋ ጥራዙን ቀስ ብላ ትዘጋለች። «መጀመር እፈልጋለሁ ብለው ቢጽፉ ኖሮ ዛሬ ሜትር ይዤ ነበር የምመጣው። መጋዘኑ ከቤቱ ስንት ይርቃል፣ ባሩዱ የት ይቀመጣል ብለን እንነጋገር ነበር። እርስዎ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ፈቃድ ሠርቻለሁ ብለው፣ ፈርመው ላኩልን።»

«ልምድ ካለዎ ይግለጹ ይላል ቅጹ። ገለጽኩ።»

«አዎ።»

«ብዋሽ ይሻለኝ ነበር?»

ብትቆጣው ምን እንደሚላት ያውቅ ነበር። እሷ ግን የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«ስሚ የኔ ልጅ። ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣውን፣ ማን እንደሠራው የማላውቀውን መተኮስ እችላለሁ?»

«ካርድዎ እስካልተሰረዘ ድረስ፣ አዎ።»

«በገዛ እጄ የሠራሁትን፣ ውስጡ ያለውን በግራም የማውቀውንስ?»

«አይችሉም።»

«ጥሩ አገር ነው» ይላል ኦረስት።

ተቆጣጣሪዋ ትንንሾቹን ርችቶች አንድ በአንድ መኪናዋ ላይ ወደተገጠመው ሣጥን ትወስዳለች። እንደ እንቁላል ነው የምትይዛቸው። ተመልሳ ትልቁ ፊት ትቆማለች።

«ይህን ጭኜ ግን መንገድ አልወጣም። ባሩዱ እንዲርስ እዚሁ ውሃ ውስጥ መግባት አለበት።»

«የቱ?» ትላለች ላሪሳ። ከዚያ ይገባታል። «አይሆንም። እሱ ቅዳሜ ነው የሚተኮሰው። ሌላውን ሁሉ ውሰጂ። በሕግ ይሁን ብዬ እኮ ነው የላክሁልሽ!»

«አውቃለሁ፣ እመቤት።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

ኦረስት ወደ ልጁ ይዞራል። «መቶ ዐሥራ ስድስት ገጽ» ይላል። «አንዷን እንኳ ማባዣው ማሽን አልበላልሽም?»

ለቀልድ ነበር። ከአፉ ሲወጣ ግን ቀልድ አልሆነም። ላሪሳ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ትልቁን አቅፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ፀሐዩ ያቃጥላል። ከጣሪያው ሥር የዝናብ ውሃ የሞላው በርሜል አለ። ቀስ ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ኳሱ ግን አይሰምጥም። አንድ ዙር ይዞርና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

«ስንት ወረቀት ነው የለበሰው?» ትጠይቃለች ወይዘሪት ቲቦ።

«ዐሥራ ስድስት። ክረምቱን ሙሉ ነው የለጠፍኩት። አየር እንኳ አያስገባም።»

ቆመው ይጠብቃሉ። ላይኛው ወረቀት ይርሳል፣ ከዚያ ይሳሳል፤ ከሥሩ በወፍራም ጥቁር ቀለም የተጻፈው ቀስ በቀስ ይታያል። ዳርሲ።

ኦረስት እጁን ይዘረጋል። ላሪሳ ክንዱን ይዛ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። እጅጌዋን ትሰበስባለች፣ መዳፏን ስሙ ላይ ታሳርፋለች፣ ትጫነዋለች። ውሃው ክርኗ ድረስ ይወጣል። ተቆጣጣሪዋ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች።

ትንንሽ አረፋ መውጣት ይጀምራል። ኦረስት ሳያስበው ይቆጥራል። ሦስት። አራት። አምስት።

ስድስት። ሰባት።