ጥንድ ስምንት

ባርኮት የሁለቱን ካርታዎች ጥግ በአውራ ጣቷ ቀና አድርጋ አየች። ስምንት። ከሥሩም ሌላ ስምንት።

መጥፎ አይደለም፤ ግን እምነት የሚጥሉበትም አይደለም። አንድ ትልቅ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ብቅ ሲል ወዲያው የሚያንስ፣ ለመጣል ደግሞ የሚያሳሳ ጥንድ ነው። ያም ሆኖ የከፋት ካርታው አይደለም፤ የከፋው ቦታዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ካርታ በተገለጠ ቁጥር ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። ሻምበል ሙሉጌታ እሷን አይተው ነው የሚወስኑት።

ሻምበል ጠጠር ጨመሩ። ጠጠር የሚሏቸው እነዚያን ባለቀለም የፕላስቲክ ክቦች ነው። ባርኮት እኩል አደረገች። ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ የሚነግደው ቤዚ ካርታውን ጣለና ወንበሩ ላይ ተለጠጠ።

ጠዋት የፖከር ውድድሩ ሲጀመር የሆቴሉ ሰገነት ሞልቶ ነበር። አሁን የቀሩት ሦስቱ ናቸው። ከሦስቱ ያሸነፈው ሐረርን ወክሎ አዲስ አበባ ይሄዳል። የተሸነፉት ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ግድግዳውን ተደግፈው ኦቾሎኒ እየፈለፈሉ የሻምበልን ድል ይጠብቃሉ። ከመካከላቸው ይህን ጨዋታ ሻምበል ያላስተማሩት የለም። ባርኮትንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ ገና የነርስነት ትምህርቷን ሳትጨርስ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ግን ብቻቸውን መኖር አቃታቸው፤ በቅርቡ ልጃቸው ሐዋሳ ልትወስዳቸው ነው። የዛሬው የመጨረሻቸው መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ካርታ አዳዩ ዮናስ ሦስት ካርታ ገለጠ። ዘጠኝ፣ አራት፣ ሁለት።

ባርኮት ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ አልጨምርም ማለቷ ነው። ሻምበል ጨመሩ። እኩል አደረገች።

አራተኛው ካርታ ንጉሥ ሆኖ ወጣ። ከግድግዳው በኩል አንዱ «እሰይ!» አለ። ባርኮት እንደገና ጠረጴዛውን መታ አደረገች። ሻምበል ንጉሡ ላይ አፍጥጠው ቆዩና እሳቸውም መታ አደረጉ።

አምስተኛው ሌላ አራት። ባርኮት አሁንም አልጨመረችም።

ሻምበል ሁለት እጃቸውን ከክምራቸው ኋላ አድርገው ገፉት። ክምሩ ተናደ፤ ጥቂት ጠጠሮች እየተንከባለሉ ወለሉ ላይ ወደቁ።

«ሁሉንም» አሉ።

ዮናስ ጎንበስ ብሎ ሲለቅም ባርኮት እጃቸውን አየች። ድሮ ቢሆን አትጨነቅም ነበር። ድሮ ሻምበል ጥሩ ካርታ ሲይዙ የቀኝ እጃቸው ትንሽ ጣት ብቻ ትርገበገብ ነበር። ይህን ያየችው እሷ ብቻ ነበረች፤ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አሁን ሁለቱም እጆች ያለ ዕረፍት ይንቀጠቀጣሉ። በሽታው ምስጢራቸውን ሸፈነላቸው።

ከፍላ ብትሳሳት እፍኝ የማትሞላ ጠጠር ብቻ ነው የሚተርፋት። ከፍላ ልክ ብትሆን ሻምበል ይሰናበታሉ፤ ይህ ሁሉ ሰው እያየ፣ በእሷ እጅ።

«ጣይውና ይለፍ እንጂ፣ ባርኮት» አለ ቤዚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ብዙ ውድድር አለልሽ።»

«ካርታ የጣለ ሰው አይናገርም» አለው ዮናስ።

ሻምበል ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም። «ምን አስፈራሽ?»

«የያዙትን አላውቅማ፣ ሻምበል።»

«ለፋሲካ ስንጫወት ግን አውቀሽ ነበር።»

ባርኮት ቀና አለች።

«አሸንፈሽኝ ሳለ ጣልሽልኝ። ስትጥዪ ፊትሽን አይቼዋለሁ፤ በሽተኛ የምታዪበት ፊት ነው።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «ከዚያ ቀን ወዲህ ተቀይሜሻለሁ። አስታማሚ መች አጣሁ፣ ልጄ? ያጣሁት ከልቡ የሚገጥመኝ ሰው ነው።»

ኦቾሎኒ የሚፈለፍል ጠፋ።

ጉንጯ ጋለ። ወዲያው ደግሞ ጠረጠረች። ይህስ ራሱ ደፈጣ ቢሆን? ወታደር ናቸው። እልኳን ቀስቅሰው ሊያስከፍሏት ቢሆንስ? የነገሯትን ሁሉ ወደ ጎን አለችና ጨዋታውን ከመነሻው ጀምራ አሰበችው። ንጉሥ ቢኖራቸው ንጉሡ ሲወጣ ዝም አይሉም ነበር። ዘጠኝ ብቻ ቢኖራቸው ደግሞ ሁሉንም አይገፉም። ደግሞ ያ አስተያየታቸው! የሚፈልገው ካርታ የወጣለት ሰው እንዳላየ ሆኖ ዓይኑን ይሰብራል። ሻምበል ግን አፍጥጠው ነበር።

ወይ ትልቅ ነገር ይዘዋል፣ ወይ ምንም።

«እከፍላለሁ» አለች።

ሻምበል ካርታቸውን ሊገልጡ ሞከሩ። ጣታቸው ጠርዙን ስቶ አዳለጣቸው፤ ደግመው ሞከሩ። ዮናስ ሊያግዛቸው እጁን ሲዘረጋ ባርኮት በዓይኗ ከለከለችው። አንዱ ተገለበጠ፤ አስ። ሌላው ለመገልበጥ ጊዜ ፈጀ። አሥር ነበር።

ምንም አልያዙም።

ባርኮት ሁለቱን ስምንቶች ገልጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቅድም እሰይ ያለው ሰው ከንፈሩን መጠጠ።

«በስምንት!» አሉ ሻምበል። ጎንበስ ብለው ካርታዎቹን በቅርብ አዩአቸው። «ንጉሥ ተጋድሞ፣ ዘጠኝ ተጋድሞ፣ በስምንት ከፈልሽኝ!» ሳቃቸው መጣ፤ ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። ከዚያ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡና ኮፍያቸውን አጠለቁ።

እሷም አብራ ተነሣች። «ሻምበል፣ እኔ...»

«ቁጭ በይ። ቤዚ እየጠበቀሽ ነው።»

በግድግዳው ዙሪያ የቆሙት እስከ በሩ ድረስ መንገድ ለቀቁላቸው። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ሻምበል ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። አንድ ባዶ ወንበር ያዙና ወለሉን እያስጮኹ ጎትተው ከባርኮት ኋላ፣ በትከሻዋ በኩል፣ አስቀመጡት። ተቀመጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

ዮናስ ካርታውን በወዘና ማደል ጀመረ።