የቃለ ጉባኤው ስድስተኛ መስመር

ገና ሳትቀመጥ ባምላኩ፣ «አንቺ ካምፕ፣ ራሽን ልትቀበይ ተሰልፈሽ ነው የቆየሽው?» ይላታል። የቡድናችን ልጆች ሁሉ ይስቃሉ። እኔም ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ እስቃለሁ።

እሷ ባሕር ዛፉ ሥር፣ ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ፍቅርአዲስ አጠገቧ የነበረውን የራሷን ቦርሳ አንስታ ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ሁላችንም እናያለን፤ እሷም ታያለች።

ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽታ ጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ያደገች ልጅ ናት። ለትምህርት ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መጥታ በአንድ ለአምስት ስንደራጅ፣ የሚወስዳት ቡድን ጠፋ። በውጤት አንደኛ በመሆኔ የቡድን መሪ ነበርኩና፣ «እኔ ጋ ትሁን» አልኩ። ማታውኑ ደምበጫ ላለችው እናቴ ደውዬ ነገርኳት፤ መረቀችኝ።

ውይይቱ ይጀመራል። ከባዱን ጥያቄ ከሁላችንም ቀድማ ትፈታዋለች። ባምላኩ፣ ካምፕ ውስጥ ሥራ ስለሌለ ከማጥናት ሌላ ምን አላቸው ይላል። መልሷን ደብተሬ ላይ እገለብጣለሁ።

መምህራችን ከዛሬ ጀምሮ ቃለ ጉባኤ እንድንይዝ አዘዋል፤ በስሙ ትይዩ ያልፈረመ የቡድኑን ማርክ አያገኝም። ደብተሩ ለፊርማ ይዞራል። እሷ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል።

ጣቷን ስድስተኛው መስመር ላይ አድርጋ ቀና ትላለች።

«ይሄ እኔ ነኝ?»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ከአምስት ሙሉ ስሞች ቀጥሎ፣ «6. ካምፕ» ይላል። ስሞቹን ከውይይቱ በፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለቀልድ ብዬ አልነበረም፤ ሳላስበው ነው።

«ይቅርታ፣ ላስተካክለው» ብዬ እስክሪብቶውን እቀበላታለሁ። ቃሉን እሰርዘዋለሁ። ከዚያ እጄ አየር ላይ ይቀራል። ስሟን የመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ ነግራን ነበር፤ ይከብዳል፣ ቀስ በቀስ እንለምደዋለን ያልኳትም እኔው ነበርኩ። ባምላኩን አየዋለሁ። ፍቅርአዲስን አያታለሁ። የሚያውቅ የለም።

እስክሪብቶውን ቀስ ብላ ከእጄ ትወስዳለች። ኛሉዋል ጋትዌች ብላ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ትጽፋለች። ትፈርማለች። ደብተሩንም በሁለት እጇ ትመልስልኛለች።

«ካምፕ» የሚለውን የሰረዝኩት በአንድ ጭረት ብቻ ነው። ከስሟ ጎን አሁንም ይነበባል፣ መምህራን ሁሉ በሚያደንቁት የእጅ ጽሑፌ።