ከውስጥ የተሰበረው መስታወት

የመኪናዬ የኋላ በር መስታወት ተሰብሮ ባደረ ማግስት የኢንሹራንሱ ገማች መጣ። ስብርባሪው በሙሉ ውጭ፣ አስፋልቱ ላይ ነበር።

«ወንድሜ፣ ሌባ ከውጭ ነው የሚሰብረው። ይሄ ከውስጥ ነው የተሰበረው» አለኝ።

«ቆልፌው ነው ቤት የገባሁት። ውስጥ ማን ይኖራል?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ካሳ የለም።»

አራት ዓመት ሙሉ ስከፍላቸው ጨዋ ነበርኩ፤ አንዴ ብጠይቃቸው አጭበርባሪ ሆንኩ። እያረርኩ በራሴ ኪስ አዲስ አስገጠምኩ።

መስታወት ገጣሚው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «በል፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባም» አለና ሳቀ። «አይወጣምም።»

ብቻዬን ወደ ቤት ስነዳ የቀበቶ ማስጠንቀቂያው ይጮህ ጀመር። የእኔ ታስሯል። ዳሽቦርዱ ላይ የበራው የኋላ ወንበር ምልክት ነው።

«ይሄም ተበላሸ» ብዬ ተራገምኩ።

ከኋላዬ ቀበቶው ቀስ ብሎ ተሳበና ጠቅ ብሎ ገባ። ጩኸቱ ቆመ።