ጨዋታው አልሞተም

ሰውየው «ይሄ ጨዋታ ሞቷል» የሚለውን ሰው ዓይኑን ማየት አይፈልግም። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ወደ አዳዲስ የኦንላይን ጨዋታዎች ቢኮበልሉም፣ እሱ «አባ ነበልባል» በሚለው የጨዋታ ስሙ ሰይፉን ታጥቆ በጨዋታው ባዶ አደባባይ ሲንጎራደድ ይውላል። ለሚጠይቀው ሁሉ «ይመለሳሉ» ይላል።

አንድ ቀን ስልኩን ታክሲ ውስጥ ጣለው። የይለፍ ቃሉን በቃሉ ስለማያውቀው አባ ነበልባልም አብሮ ጠፋ።

ከሳምንታት በኋላ ሌላ ስልክ ገዝቶ በአዲስ ስም ሲገባ ዓይኑን ማመን አቃተው። አደባባዩ ጢም ብሏል። ጥለውት የሄዱት ሁሉ ሰይፋቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል።

«ምን ተገኘ?» ብሎ ጻፈ።

«አዲስ ነህ መሰለኝ» ሲል አንዱ መለሰለት። «አባ ነበልባል የሚባል ወዳጃችን አርፎ ነው። አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ ሰው ድምፁ ጠፋ። ለቅሶ ተቀምጠናል።»

ሰውየው ሳቁ እየመጣ «ኧረ እኔ ነኝ፣ አለሁ» ብሎ ጻፈ። ሊልከው ሲል ሌላ መልእክት መጣ።

«አርባው እስኪወጣ በየቀኑ እንመጣለን።»

የጻፈውን አጠፋና «ነፍስ ይማር» አለ። ትንሽ አሰብ አድርጎ ጨመረበት።

«ታዲያ ሙት ዓመቱንስ ዝም ልንለው ነው?»